በሬ በዋስ፣ ቤት ግን በባዶ እጅ!

የመንዝ ገበሬ በሬ ሲገዛ “ዋስ ጥራ!” ይላል። ሻጩ ጎረቤት ቢሆን፣ አበልጅም ቢሆን ዋስ ሳይጠራ ብር አይቆጠርም። ይኸው ሰው ግን የዕድሜውን ላብ አጠራቅሞ፣ ዕቁቡን ጥሎ፣ ከብቱን ሸጦ ቤት ሲያሠራ የዋስ ነገር ትዝ አይለውም። ግንበኛው “ለእኔ ተወው” ይላል፤ ባለቤቱም ይተውለታል። በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ በሩ አልዘጋ ሲል፣ ያ “ለእኔ ተወው” ያለው ሰው ስልኩ አይነሳም። ከመርካቶ የተገዛ ቴሌቪዥን እንኳ የጋራንቲ ወረቀት አለው። ሰው ልጅ ወልዶ የሚያሳድግበት ቤት ግን ጋራንቲ የለውም!

ለመሆኑ ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም ወገን! ሕጉማ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ቁርጡን ተናግሯል። ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለ ተቋራጭ፣ ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው። በእነዚህ 10 ዓመታት ውስጥ ቤቱ በአሠራር ጉድለት ቢፈርስ ወይም ቢጎዳ ተጠያቂው እሱ ነው። በአፈሩ ጠባይ ምክንያት ቢጎዳም ተጠያቂው እሱ ነው! ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በውላቸው ላይ “ዋስትናው 1 ዓመት ብቻ ነው” ወይም “ከርክክብ በኋላ ተቋራጩ አይጠየቅም” ብለው ቢጽፉና ቢፈርሙ እንኳ ያ ቃል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ሦስት መንግሥት ተፈራርቆ ይህን አንቀጽ የሻረው የለም።

“የአፈሩ ጠባይ” የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ እንዳታልፉት። ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ቃል የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ሕጉ ሥራ በጀመረ በዘጠነኛው ወር፣ ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከመንዝና ከግሼ ገደል ሥር ያለችው ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራርሳለች። ጎረቤቷ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተመትታለች። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ላይ፣ መሬቱ ተንሸራትቶ ከ1,000 በላይ ቤቶችን ይዞ ሄዷል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ፎቅ ሲያወዛውዝ የሸዋ ሰውም ሌሊት ከቤቱ እየወጣ አድሯል። እርግጥ ነው፣ መንቀጥቀጡን ግንበኛ አላመጣውም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሚያብጠውን፣ በጋ ሲመጣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተውን መረሬ አፈር ግን ያየውም የቆፈረውም እሱ ነው! አፈሩን እያወቀ መሠረቱን አሳጥሮ የሄደ ሰው “የእግዜር ቁጣ ነው” ቢል ማን ይስማው?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሕጉ ካለ ሕዝቡ ለምን አያውቀውም? መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ፣ ከእነዚህ ከተሞች በየትኛው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ነው “ቤታችሁ የ10 ዓመት ዋስትና አለው” የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያያችሁ? የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ክፍያ ይጠየቃል። የሥራ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ ክፍያ ይጠየቃል። ግብርማ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ለሁሉም ደረሰኝ አለ። “ይህ ቤት ቢሰነጠቅ ማንን ትጠይቃለህ?” ብሎ ባለቤቱን የሚጠይቅ ግን የለም። ለመሰብሰብ የሚተጋ እጅ ለማስጠንቀቅ ሲሆን ይዝላል! የተማረው ክፍልም ቢሆን ቁጥሩን ጠርቶ ከመመጻደቅ በቀር ወርዶ አልነገረንም። ታዲያ ይህ ሕግ ለድሃው ባለ ቤት “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ከመሆን በምን ይለያል?

ችግሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ወጥመድም አለው። በየገጠር ከተማው ብዙው ቤት የሚሠራው በቀን ሂሳብ ነው። ባለቤቱ ድንጋዩን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን ራሱ ይገዛል፤ ግንበኛው በየቀኑ ሠርቶ በየማታው ይከፈለዋል። ቤቱ ሲበላሽ ባለቤቱ ሕጉን ጠቅሶ ቢከስ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ “እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ቤት ሠርቼ አስረክባለሁ አላልኩም!” ሕጉ የሚይዘው ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ጨርሶ ለማስረከብ የተዋዋለውን ነው። በኮንትራት የተሰጠውም ቢሆን አብዛኛው በአፍ ነው። ምስክሩ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ወረቀት በሌለበት ዳኛው ምን ያድርግ?

ወደ መንግሥት ደጃፍ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ታያላችሁ። መንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲያሠራ ተቋራጩን በእምነት አይለቀውም። የባንክ ወይም የኢንሹራንስ የሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያስይዘዋል። ከየክፍያው ቆርጦ መያዣ ያስቀራል። በጊዜያዊ ርክክብና በመጨረሻው ርክክብ መካከል ጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካላረመ በመያዣው ያሳርማል። ጎበዝ ነው! ለራሱ ይህን ሁሉ የሚያውቅ መንግሥት ለዜጋው ሲሆን ለምን ዲዳ ይሆናል? የመንግሥት ግድግዳ ዋስ ሲኖረው የመበለቲቱ ግድግዳ ለምን ወላጅ አልባ ይሆናል?

ይህን የ10 ዓመት ነገር እኛ ብቻ አልፈጠርነውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በአገራቸውም የገንቢ የ10 ዓመት ኃላፊነት የቆየ ሕግ ነው። ፈረንሳዮች ግን ሕግ ብቻውን ጣሪያ እንደማይጠግን ገባቸው። ተቋራጭ ይከስራል፣ ይሞታል፣ ይሰወራል። ስለዚህ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ገንቢውም አሠሪውም ኢንሹራንስ እንዲገቡ አስገደዱ። አሜሪካ ውስጥ የኒው ጀርሲ ግዛት በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አዲስ ቤት የሚሸጥ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ለቤቱ ዋና አካል የ10 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ አድርጓል። እኛ 10 ዓመቱን ተቀበልን፤ ከጀርባው የሚቆመውን ገንዘብ ግን ረሳነው። ዋስ አለ፣ የዋሱ ኪስ ግን ባዶ ነው!

“ኢንሹራንስ ቤት ያስወድዳል፣ ግንበኛውም ድሃ ነው” የሚሉ አይጠፉም። አዎን፣ ያስወድዳል። ግን ሁለት ጊዜ ከመገንባት የበለጠ ምን ውድ ነገር አለ? ግንበኛው ድሃ ቢሆን እንኳ የድሃውን ኪሳራ ከእሱ በባሰ ድሃ ላይ መጫን ፍርድ ነው? ሐቀኛው ባለሙያም የሚጎዳው በዚሁ ነው፤ መሠረቱን በወጉ ቆፍሮ ትክክለኛ ዋጋ ሲጠራ፣ አፈር ጭሮ በግማሽ ዋጋ የሚሠራው ይቀድመዋል። ዋስትና ቢኖር ኖሮ ርካሹ ማን እንደሆነ ክረምቱ ይለየው ነበር።

ስለዚህ የክልሉም የፌዴራሉም ባለ ሥልጣናት ይስሙ! የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የ10 ዓመቱ ዋስትና የተጻፈበት ቀላል የአማርኛ ውል አብሮ ይሰጥ። በኮንትራት የሚሠራ ሁሉ ይመዝገብ። ኢንሹራንሶችም ለመንግሥት ሥራ የሚሸጡትን ዋስትና ለተራው ቤት ሠሪ በአቅሙ እንዲያቀርቡ ሕግ ይውጣ።

አንተም ወገኔ፣ እስከዚያው እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቅ። ሥራውን በኮንትራት ስትሰጥ በወረቀት ይሁን፤ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የብረቱ ውፍረት፣ የሲሚንቶው መጠን ይጻፍበት። መሠረቱ ሳይሸፈን ሰው ይዘህ እይ። የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዝ፤ ይህም በውሉ ላይ ይስፈር። ስንጥቅ ያየህ ዕለት ፎቶ አንሣ፣ ሳትዘገይ በጽሑፍ አስታውቀው፤ ዝም ብሎ የቆየ ሰው መብቱ ሊያመልጠው ይችላል። “ከ1 ዓመት በኋላ አልጠየቅም” ብሎ ቢያስፈርምህም ተስፋ አትቁረጥ፤ ያ ፊርማ 10 ዓመትህን አይወስድብህም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጩኸቱ መሠረቱ ሲቆፈር ይሁን። በሬ ስትገዛ የምትለውን ቤት ስታሠራም በለው፤ ዋስ ጥራ!