ልሳን ወይስ የፎቶ አልበም?

እስቲ የአንዳንድ ሠራተኛ ማኅበራትን ዜና መጽሔት ግለጡት። ሊቀ መንበሩ ሲናገሩ፣ ሊቀ መንበሩ ሲሸልሙ፣ ሊቀ መንበሩ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ኬክ ሲቆርሱ! ይሄ የሠራተኛው ልሳን ነው?

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕጉን ለአባላት ማሳወቅን ከማኅበራት ተግባራት አንዱ አድርጎታል። ታዲያ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ ደግሞ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን መሆኑን ስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰችው ልጅ ከማን ትስማ? ከአለቃዋ? የኅብረት ስምምነቱስ ለምን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍባታል? መጽሔቱ የሚታተመው ከደመወዟ በሚቆረጥ መዋጮ ነው እኮ!

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ። ምን ጠየቅን? አሠሪው ምን መለሰ? መዋጮው የት ገባ? ቦታ ከተረፈ ያኔ ለሊቀ መንበሩ ፎቶ ይሰጠው።