ጂኑ ቢቀር ቅጠሉ አለ

በሐርጌሳ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በበዓል ሰሞን ሲሰባሰቡ አንድ ቅሬታ ሳይነሣ አይቀርም፤ «እዚህ አገር ምን መጠጥ አለና!» የሚል። በዚህ ቅሬታ ላይ ደግሞ አዲስ ፈሊጥ ተደርቧል። ከሜዳ የተቀጠፈ ትኩስ ቅጠል ከጂን ጋር አዋሕዶ በበረዶ ማቅረብ በየአገሩ መጠጥ ቤቶች የሥልጡንነት ምልክት ከሆነ ወዲህ፣ በጦስኝ፣ በጤና አዳም ወይም በናና የተቀመመ ኮክቴል ያልቀመሰ ሰው የገዛ አገሩን ቅጠል ዋጋ አያውቅም የሚሉ ወገኖች ብቅ ብቅ ብለዋል። በእነዚህ ወገኖች ሚዛን፣ ጂን በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ከጣዕም ዓለም የተሰደደ ነው። ይህ አስተሳሰብ ሊሞገት ይገባዋል። ቅጠሉን የጂን አሽከር ያደርገዋልና፤ ያ አሽከርነት ደግሞ በሐርጌሳ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩን ከስሙ መጀመር ይበጃል። ጂን የሚለው ቃል የሆላንዶች «የኔቨር» አጭር መጠሪያ ሲሆን፣ እርሱም በተራው ከጥድ የላቲን ስም የመጣ ነው። ጂን ማለት እንግዲህ የጥድ ፍሬ ጣዕሙን ያዋሰው አልኮል ነው። ፍሬው ቢቀር የሚተርፈው ጉሮሮ የሚያቃጥል ጣዕም አልባ ፈሳሽ ብቻ ይሆናል። የስሙ ባለቤት ዛፉ እንጂ አልኮሉ አይደለም። ኮክቴል ቀማሚዎች የሚኮሩባቸው ሌሎች ቃላትም ቢመረመሩ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሽሮፕ የዐረብኛው «ሸራብ» ልጅ ነው፤ ጁሌፕ ደግሞ ከፋርስኛው «ጉላብ»፣ ማለትም ከጽጌረዳ ውሃ የተወለደ ነው። አልኮል ራሱ ዐይን ከሚኳሉበት ኩል ጋር አንድ ሥር አለው፤ አረቄም በዐረብኛ ላብ ማለት ነው። ወይን ጠጅ ሃይማኖት በከለከለበት ምድር አበባና ቅጠል፣ ስኳርና ሎሚ ተዋሕደው ለዘመናት ሲጠጡ ኖረዋል። ቅይጥ መጠጥ ያለ አልኮል አይታሰብም የሚል ሰው የሚናገርባቸውን ቃላት ታሪክ እንኳ አልጠየቀም ማለት ነው።

የጂን ወዳጆች ግን አንድ ብርቱ መከራከሪያ አላቸው፤ ሳይሸራረፍ ሊቀርብላቸው ይገባል። የቅጠል መዓዛ የሚገኘው በሚተን ዘይቱ ውስጥ ነው። ይህ ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ጦስኝ ሣር ሣር ሲል፣ በጂን የተዘፈዘፈው ያውዳል። ይህ እውነት ነው። ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ያለ አልኮል መዓዛ የለም» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ግን ባልትናን አለማወቅ ነው። ዘይት በቅባትም ይሟሟል። የደጋ ባለሙያ እናቶች ኮሰረቱን፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን ከቅቤ ጋር ሲያነጥሩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የሐርጌሳ ሻይ አፍይም ሄሉንና ቀረፋውን ከወተት ጋር ሲያፈላ ያንኑ ሕግ ይከተላል። ሙቀትም ዘይትን ያላቅቃል፤ አንዲት የጤና አዳም ዘለላ በትኩስ ቡና ውስጥ ስትገባ ሲኒውን የምትለውጠው ለዚህ ነው። ስኳር በበኩሉ ከሎሚ ልጣጭ ዘይቱን መጥጦ ያወጣል። አልኮል ከበርካታ መንገዶች አንዱ ነው፤ ብቸኛው በር አይደለም።

ክርክሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ማንም በቤቱ ሊፈትነው የሚችል አሠራር አለ። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። ከዚያ አንድ እፍኝ ጦስኝና በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብል ተጨምሮበት ይከደናል። መክደኑ ዋና ነገር ነው፤ በእንፋሎት የሚያመልጠው መዓዛው ራሱ ነውና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠለላል። በሌላ ዕቃ የሁለት ሎሚ አረንጓዴ ልጣጭ፣ ነጩ ሳይነካ ተልጦ፣ በሁለት ማንኪያ ስኳር ታሽቶ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ስኳሩ ሲረጥብ ዘይቱ ወጥቷል ማለት ነው። በረዶ ባለበት ብርጭቆ ከሽሮፑ ሁለት ማንኪያ፣ ከልጣጩ ስኳር አንድ ማንኪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ጋዝ ያለው ውሃ ይጨመራል። በመጨረሻ አንድ የናና ዘለላ በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ተደርጎ ከላይ ይቀመጣል። ጂን የሚሰጠው «ንክሻ» የሚናፍቀው ሰው ጠንከር ያለ የቀዘቀዘ ሻይና ሁለት ፍሬ የተሰነጠቀ ቁንዶ በርበሬ ይጨምርበት። ይህን ቀምሶ «ጣዕም የለውም» የሚል ቢኖር፣ የናፈቀው ስካሩን እንጂ ጣዕሙን እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል።

ስለ «ከሜዳ መቅጠፍ» የሚሰበከውም መታረም አለበት። በእንግሊዝ ገጠር ለተጻፈ ምክር ተገዝቶ በሐርጌሳ ዙሪያ ያገኙትን አረንጓዴ መቁረጥ ሞኝነት ነው። ለጂን ስሙን የሰጠው የአውሮፓው ጥድ ነው። በኤሪጋቮ አጠገብ በዳሎ ገደላማ ደን፣ በጋን ሊባህ ተራራ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየው የሐበሻ ጥድ ዘመዱ ይሁን እንጂ እርሱ አይደለም፤ ፍሬውን በአንዱ ቦታ ሌላውን ብሎ መጠቀም አይገባም። በዚሁ ደረቅ ምድር ላይ ወተታም ጭማቂ ያለው ጦቢያ ይበቅላል፤ ግንዱ ያበጠ፣ አበባው ሮዝ የሆነ የበረሃ ጽጌረዳ ይገኛል፤ ለቀስት መርዝ ያገለግል የነበረው ምረንዝም አለ። ሦስቱም መርዝ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ በውበቱ እጅን ይስባል። የለመድነው ጤና አዳም እንኳ ልክ አለው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል፣ ጭማቂው በቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ቢያገኘውም ያቃጥላል። ጦስኝም ቢሆን የባሌ፣ የስሜንና የመንዝ ደጋ ልጅ ነው፤ ከሥሩ እየተነቀለ ለገበያ ከቀረበ የነገው ትውልድ በስሙ ብቻ ያውቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐርጌሳ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ የተነቀለ ተክል ቶሎ አይተካም። ብልህ ሰው ናናውን፣ በሶብላውንና ጠጅ ሣሩን በደጁ በቆርቆሮ ተክሎ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ያጠጣዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕጉ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጓል፤ ከሸሪዓ ጋር የሚጋጭ ሕግ እንዳይወጣም ደንግጓል። አልኮል በአገሪቱ ክልክል ነው። ይህን እያወቀ «አንዲት ጠርሙስ በቶጎ ውጫሌ ብታልፍ ምን አለበት?» የሚል ሰው፣ ጠርሙሷን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ጣዕም አዋቂው አይደለም። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የጭነት መኪና ረዳቱ ነው። ቢያዝ የሚታሰረው፣ ሥራውን የሚያጣው፣ ከአገር የሚወጣው እርሱ ነው። ከእርሱም አልፎ «እነዚህ ሰዎች አረቄ አሻጋሪዎች ናቸው» የሚለው ስም በሰላም ሠርቶ በሚያድረው ሁሉ ላይ ይለጠፋል። በዚያ ላይ በድብቅ በተሻገረ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚመረምር ማንም የለም፤ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ዐይን ያጠፋል፣ ነፍስም ይነጥቃል። የአንድ ምሽት ኮክቴል ይህን ሁሉ ያወጣልን?

«እንዳገሩ ይናገሩ፣ እንደወንዙ ይሻገሩ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻል ነበር። ተረቱ ብቻውን ግን ሙሉ መልስ አይሆንም፤ «እንግዲያው ጠላና ጠጅ የበዓላችን ወግ የሆንን ሰዎች ወጋችንን እንጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣልና። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። በድሬዳዋ ወይም በደብረ ብርሃን በገዛ ገንዘቡ ጂን የሚጠጣውን ማንም አልከሰሰም፤ ምንም እንኳ በኢትዮጵያም የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮልን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቢያስወጣ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥም ቢያዝ። ጂን ያደገባት ለንደን ራሷ ስካር ቤተሰብ ሲበትን አይታ እ.ኤ.አ. በ1751 ሽያጩን በሕግ ገትታለች። ስለ ወግ ከተነሣ ደግሞ ብርዝ የማን ነው? ጠጅ ሳይሆን በፊት ብርዝ ነበር። ማርና ውሃ ተበጥብጦ፣ ሳይብላላ፣ ለሕፃኑም ለሙስሊሙ ጎረቤትም ሲቀርብ የኖረ የአገር መጠጥ ነው። ወጉ ከእኛው ጓዳ አለ፤ ከጠርሙስ መፈለጉ ነው እንግዳው ነገር።

እዚህ ላይ የክርክሩ እምብርት ይገኛል። በሐርጌሳ የበዓል ገበታ ላይ ጂን ሲቀመጥ በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሶማሊው ጎረቤት አይጠራም። ጦስኙና ሎሚው፣ ብርዙና ሄሉ ሲቀርቡ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጎረቤት ገብቶ ከዚያው ማሰሮ ይቀዳለታል፣ «ይህ ቅጠል በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎም ይጠይቃል። በሰው አገር ለሚኖር ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ የለም። ስለዚህ «እዚህ አገር መጠጥ የለም» የሚለው እሮሮ ይብቃ። መጠጥ አለ፤ የጎደለው ውሃ የሚያፈላ፣ ድስቱን የሚከድንና ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው ነው።