ስለ ውሻ የትንፋሽ መንገድና ስለ ጋምቤላ ሙቀት

በቤቱ እንስሳ የሚያኖር ሰው ሁሉ የእንስሳውን ፍጥረት ጥቂት እንኳ ሊያውቅ ይገባዋል። ፈረስና በቅሎ የሚያኖሩ ሰዎች ስለ ኰቴውና ስለ ጀርባው ቍስል በየጊዜው ሲጠይቁ እንሰማለን፤ ስለ ውሻ ግን ሌሊት ጮኾ ቤት መጠበቁን እንጂ በምን እንደሚጮኽ፥ በምንስ እንደሚተነፍስ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን አለማወቅ ውሻውን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የቤቱን ልጅ ጭምር ለሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ለዛሬ ከአፍንጫው ጫፍ ጀምሮ እስከ አንገቱ ድረስ ያለውን የውሻ የትንፋሽ መንገድ በአጭሩ እንገልጣለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ስፍራ ጋምቤላ ነው። ከተማዪቱ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የምትገኝ ቈላ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡናችንን ይጭኑባት ነበር። መርከቦቹ ዛሬ ቀርተዋል፤ ከደጋ ወደ እርሷ የሚወርደው ሹምና ነጋዴ ግን አልቀረም። ታዲያ ከጎሬ፥ ማለት ከ2000 ሜትር ከፍታ፥ ከነውሻው ተነሥቶ ጋምቤላ ከተማ መካከል የደረሰ ሰው ውሻው ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ባየ ጊዜ፥ ወይ ታመመብኝ ብሎ ይደነግጣል፥ ወይም ደክሞት ነው ብሎ ቸል ይለዋል። የነገሩ ምክንያት ያለው በአፍንጫውና በአፉ ውስጥ ነው።

የውሻ አፍንጫ ጫፉ ጠጕር የሌለበትና ዘወትር እርጥብ የሆነ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎቹ በየጎናቸው ስንጥቅ አላቸው። አየር ሲገባ በፊት ለፊት ይገባል፤ ሲወጣ ግን በስንጥቁ በኩል ወደ ጎን ይወጣል። ስለዚህ ውሻው መሬቱን ሲያነፈንፍ የሚወጣው ትንፋሽ የሚገባውን ሽታ አይበትንበትም። ከቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ሲታለፍ አፍንጫው በመካከል ግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። በየክፍሉም እንደ ክታብ ብራና የተጠቀለሉ እጅግ ስስ አጥንቶች ተደርድረዋል፤ በላያቸውም ደም ሥር የበዛበትና ሁልጊዜ የሚረጥብ ስስ ሥጋ ተለብጦባቸዋል።

የዚህ ጥቅልል ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፥ ቀዝቃዛውን አየር ያሞቃል፥ ደረቁንም ያረጥባል። ሁለተኛ፥ አቧራውን በንፍጡ ይዞ ወደ ሳንባ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሦስተኛ፥ በስተኋላ በኩል ያለው ክፍል ሽታን ይቀበላል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ሽታን የሚቀበሉ ሕዋሳት በሰው 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ በውሻ ግን እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ብራናው ተጠቅሎ በትንሽ ማኅደር እንደሚገባ፥ ያ ሁሉ ስፋት በጥቅልሉ ምክንያት በአንዲት አፍንጫ ውስጥ ተቀመጠ።

አሁን ወደ ሙቀቱ ነገር እንመለስ። ሰው ሲሞቀው ገላው ሁሉ ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ገላውን ያበርድለታል። ውሻ ግን ከመዳፉ በቀር ይህን ያህል ላብ የለውም። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ የሚተነፍሰው ውሻ፥ ሲያለከልክ ከ300 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል። አየሩም አብዛኛውን በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይወጣል፤ በአፍንጫው ውስጥ ያሉ ዕጢዎች የሚያፈልቁት ውሃ በዚያ ሲተን ደሙ ይበርዳል። እንግዲህ የሰው ላብ የሚሠራውን ሥራ ለውሻ የሚሠሩለት አፍንጫው፥ አፉና ምላሱ ናቸው። አፉን በገመድ ጠፍሮ በፀሐይ ማቆም ሰውን ላብ እንዳያልበው አድርጎ በእሳት ዳር እንደ ማስቀመጥ ያለ ሥራ ነው።

ከአፍንጫ በስተኋላ ጉሮሮ አለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በሰውነቱም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ የሚበላበትና የሚጮኽበት መንገድ በጉሮሮው ውስጥ ይተላለፋሉና። ለስላሳው ላንቃ ከላይ የአፍንጫውን መንገድ ከአፍ ይለያል። ከታች ደግሞ ማንቁርቱ አለ፤ እርሱም እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ የልም አጥንት ክዳን አለው። ውሻው ሲውጥ ክዳኑ ይዘጋና ምግቡ ወደ ሆድ ያልፋል፤ ሲተነፍስ ይከፈትና አየሩ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ድምፅ የሚሰጡትም በማንቁርቱ ውስጥ ያሉ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ከዚያ በታች ያለው የአየር ቧንቧ ወደ 40 በሚጠጉ የልም አጥንት ቀለበቶች ተደግፎ ይወርዳል፤ ቀለበቶቹም በስተጀርባ በኩል ክፍት ናቸው። ስለዚህ ውሻን በቀጭን ገመድ አንገቱን አንቆ መጐተት ይህን ቧንቧ ይጐዳል፤ ሰፊ የቈዳ ማሰሪያ ይሻላል።

ይህን ካወቅን ምክሩ ቀላል ነው። በጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። በቀትር ውሻን ማስኬድ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው አይገባም። ክረምቱም ሲገባ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ውሃው ቶሎ አይተንም፤ ማለክለኩም ጥቅሙ ያንሳል። የውሻ ሙቀት በጤንነቱ ጊዜ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ41 ካለፈ ለሞት ያሰጋል። ሲንገዳገድና ድዱ ሲቀላ የታየ እንደ ሆነ ወደ ጥላ ወስዶ ገላውን በውሃ ማራስና ማራገብ፥ ወዲያውም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ውሃውን ግን ቀድቶ ማምጣት እንጂ ውሻውን ወደ ባሮ ማስገባት አይገባም፤ አዞ አለበትና። እንደ ቡልዶግና እንደ ፑግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ የባዕድ አገር ውሾች ቀዳዳቸው ጠባብ፥ ላንቃቸውም ረዥም ስለ ሆነ በደጋ እንኳ ያንኮራፋሉ፤ እነዚህን ወደ ቈላ ባያወርዱ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጠንቅ አልቅት ነው። ከኩሬ የሚጠጣ እንስሳ ገና እንደ ክር የቀጠነችውን አልቅት ከውሃው ጋራ ያስገባል፤ እርሷም በጉሮሮ ወይም በአፍንጫ ውስጥ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ውሻው ከአንድ አፍንጫው ደም ቢያንጠባጥብ፥ ቢያስል፥ ለሃጩም ደም ቢቀላቀልበት ይህን መጠርጠር ነው። በማንቁርቱ ላይ ከሆነች ትንፋሹን ልትዘጋ ትችላለች። በአፍንጫው የትንባሆ ውሃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ውሃው ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፥ ትንባሆውም ራሱ መርዝ ነው። ሐኪም በመቈንጠጫ ያወጣታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻውን ንጹሕና የተጠለለ ውሃ ማጠጣት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የጉሮሮውንና የመንጋጋውን ጅማቶች ያሽመደምዳል። ያን ጊዜ ውሻው መዋጥ ያቅተዋል፥ ለሃጩ ይዝረከረካል፥ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፥ ጩኸቱም ይለወጣል። ያየው ሰው አጥንት አንቆታል ብሎ ያዝናል፤ ልጅ ወይም አሽከር ርኅራኄ ይዞት እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል፤ በዚያም በሽታውን ይቀበላል። ስለዚህ አጥንት ሲውጥ በዓይን ካልታየ በቀር፥ እንዲህ ያለውን ውሻ ማንም በእጁ አይንካው፤ ለብቻው ዘግቶ ሐኪም መጥራት ነው። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቍስሉን የነካው ሰው ቢኖር፥ ስፍራውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በፓሪስ በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ የዚህ በሽታ መከላከያ በእጃችን ነው፤ የበሽታው ምልክት በሰውዬው ላይ ከታየ በኋላ ግን ክትባቱ አይረዳም፤ የሚድንም የለም ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ውሻ ያለው ባለቤት ሁሉ በየዓመቱ ውሻውን ያስከትብ፤ ሲያለከልክ ጥላና ውሃ ይስጠው፤ አንገቱን አያንቀው፤ ድምፁ ሲለወጥና ለሃጩ ሲበዛ ልጆቹን አስቀድሞ ያርቅ። ሌሊቱን ሁሉ ለእኛ ሲጮኽ የሚያድረውን ጉሮሮ በቀን ጥቂት ጊዜ መመልከት ለባለቤቱ ከባድ ሥራ አይሆንበትም።