ጭብጨባ ደመወዝ ነውን?

በእንሴኖ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ሰው ጥቂት ቢያቀምስ ቸርነቱ ነው፤ ኩንታሉን ግን በምርቃት አይሰጥም። ወጣት ሙዚቀኞችን «ገና አማተሮች ናቸው» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ በነፃ ማጫወትስ ስለ ምን ይሆናል?

ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማህሙድ አህመድ በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ አሪዞና ክበብ ተራ ሠራተኛ ሳለ፥ ዘፋኝ በቀረበት ሌሊት ወጥቶ ዘፈነ። ያ ቅምሻ ነበር። በኋላ የክብር ዘበኛ ባንድ ቀጠረው፤ ባለ ደመወዝም ሆነ።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት መርጃ ወይም ለመጀመሪያ መታያ ሲሆን በነፃ ይጫወቱ። ትኬት የሚሸጥ፥ ለድንኳንና ለጄኔራተርም የሚከፍል ደጋሽ ግን ለሙዚቀኞቹም ይክፈል። ዋጋውም ከጨዋታው በፊት ይቆረጥ። ጭብጨባ ልብ ያሞቃል እንጂ የጊታር ክር አይገዛም።