«የዘር ነው» ብሎ መተው እግር ያሳጣል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች የአንድ ቤት አባትና ልጅ በሜዳ ላይ ሲደነቃቀፉ፣ ጣቶቻቸው ሲቆለመሙ፣ ውስጥ እግራቸው ሲቆስል ከታየ አገሬው ምርመራውን ፈጥኖ ይጨርሳል፤ «የዘር ነው» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ሰዎች እግር የሚነሣው ጋብቻ ሲታሰብ ነው። ይህ ብይን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስሕተት ሲሆን መዳን የሚችለውን ሰው ከመድኃኒት ያርቃል፤ እውነት ሲሆን ደግሞ «ከዘር የመጣ ምን ይደረጋል» አሰኝቶ መትረፍ የሚችል እግር ያስቆርጣል።

ከስሕተቱ ልጀምር። በአንድ ቤት የተደጋገመ ሁሉ በደም የወረደ አይደለም። ጓያ በችግር ዓመት ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ገትሮ ያሽመደምዳል፤ ከአንድ ድስት የበሉ ወንድማማቾች አብረው ሲታመሙ ዘር ይመስላል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ስለሚተላለፍና ምልክቱ ለመታየት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ መስሎ ይቀራል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ ያድናልም፤ በአገራችን ግን ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። በእርግጥ የዘር የሆነም አለ። ሁለት ፈረንሳውያንና አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 ስለገለጹት በስማቸው ሻርኮ ማሪ ቱዝ የሚባለው የነርቭ በሽታ ከሁሉም የታወቀው ነው። ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ስለሚያጠቃ ከእግር ይጀምራል። ትንንሾቹ የእግር ጡንቻዎች ሲዝሉ ጠንካሮቹ አሸንፈው ይጎትታሉ፤ የእግሩ ቅስት ከፍ ይላል፣ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ ቁርጭምጭሚት በየጊዜው ይወለምታል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሱ የማይታዩትን በሽታዎች ይቀንሳል፤ ይህ በሽታ ግን በአብዛኛው ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለሚተላለፍና ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ እኩሌታ ስለሆነ ቆጠራው አያግደውም። ሥጋ ደዌም ሆነ ይህ የዘር በሽታ ነርቭን ሊያወፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን አይቶ መፍረድ ለጎረቤት ቀርቶ ለጤና ባለሙያም አያዋጣም። ከሁሉ አስቀድሞ ሥጋ ደዌ አለመሆኑ መጣራት አለበት።

ምርመራው የዘር በሽታ ነው ቢል እንኳ እግሩን የሚያጠፋው በአብዛኛው ነርቩ ራሱ አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው በደቡብ ሕንድ በቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የዘመኑ እምነት በሽታው ሥጋን ይበላል የሚል ነበር፤ እርሱ ግን ቁስሉ የሚመጣው ሕመም ያልተሰማው እግር በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጫን፣ ሲፋተግና ሲቃጠል መሆኑን አስረዳ። የዘር በሽታውም፣ ስሜትን በሚቀንስበት መጠን፣ እግሩን ለዚሁ አደጋ ያጋልጠዋል። ጠባብ ኮንጎ ጫማ የታጠፈውን ጣት ጫፍ ይልጠዋል፤ በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር እስከ ማታ ሳትታወቅ ትውላለች፤ በጉና ተራራ ብርድ እግርን ወደ ምድጃ አስጠግቶ የሚተኛ ሰው በጭስ ሽታ ብቻ ሊነቃ ይችላል። መከላከያው ታዲያ የተራቀቀ አይደለም። እግርን በየቀኑ አጥቦ ማየት፣ የደረቀውን ቆዳ ነክሮ ማለስለስና መቀባት፣ የጠነከረውን ቀስ ብሎ መሞረድ፣ ለጣት ሰፊ የሆነና ለስላሳ ምንጣፍ ያለው ጫማ ማድረግ፣ ከማጥለቅ በፊትም በእጅ ዳብሶ መፈተሽ ነው። ጫፉ ለሚወድቅ እግር ባሕር ዳር ባለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ደጋፊ ይሠራል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ይህን የእግር ጥበቃ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲያስተምር ኖሯል፤ ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። የማታ እግር አጠባም በገጠሩ የቆየ ልማድ ነው፤ አጣቢዋ ወይም አጣቢው ውስጥ እግሩን ገልብጠው በብርሃን እንዲያዩ መንገር ብቻ ይቀራል።

«ይህ ብርቅ በሽታ ነው፤ ወባና የእናቶች ሞት ባለበት ወረዳ ለእርሱ ጊዜ የለም» የሚል ሙግት ይቀርባል። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። በሌሎች አገሮች የሚጠቀሰው ግምት ከ2,500 ሰው አንድ ነው፤ እዚህም ያው ከሆነ 200,000 ሰው ባለበት ወረዳ ሰማንያ ያህል ይሆናል። ነገር ግን እኔ የምለው ለሰማንያ ሰው የተለየ ክሊኒክ ይከፈት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛው፣ ከሥጋ ደዌ የዳነው፣ የዘር በሽታ ያለበትም የሚፈልጉት የእግር ጥበቃ አንድ ነው። ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ያሉት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በሳምንት አንድ ቀን የእግር ክትትል ቢይዙ ሦስቱንም ያገለግላል። የእግር ንጽሕና በደሀ ገበሬ ቤት አይሠራም ለሚል ደግሞ ማስረጃው ዓባይን ተሻግሮ ነው ያለው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ የዝሆኔ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ መታጠብ፣ ቅባት፣ ማሰሪያና ጫማ ከባዱን የእግር ትኩሳትና እብጠት እንደቀነሱ አሳይቷል። ዝሆኔ የነርቭ በሽታ አይደለም፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ግን የእነስማዳ ገበሬ አምሳያ ናቸው።

ከዚህ የከበደው ሙግት የስም ነው። ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ልጁን የሚያገባለት ያጣል ይባላል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ዘር በሚጠየቅበት አገር ምክር ብቻ አያስቀረውም። ክትትሉን ከስኳር ሕክምናው ጋር ማድረጉ ለዚህም ይረዳል፤ የስኳር ወረፋ የያዘን ሰው ዘሩን የሚጠይቀው የለም። ጠበል የሚሄደውንም ከመከልከል፣ በደብሩ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ እንዳይቆም ወፍራም ካልሲ እንዲያጠልቅ መምከር ይሻላል።

መልሱ የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ አለ። የቆሰለ ውስጥ እግር የሚድነው ክብደት ሲነሣለት ነው፤ በሐምሌ እርሻ ላይ ያለን ሰው ግን ለሳምንታት አትቁም ማለት አትብላ እንደ ማለት ነው። እነዚህ ወረዳዎች ሴፍቲኔት የተባለው የድጋፍ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ናቸው፤ ተረጂውም ድጋፉን የሚያገኘው እርከን በመሥራትና ድንጋይ በመሸከም ነው። መሥራት ለማይችል ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ አለ። ስሜት ያጣ የቆሰለ እግር ግን ባለቤቱን ስለማያስነክሰው ተረጂዎችን ከሚለየው የቀበሌ ኮሚቴ ፊት ጤነኛ መስሎ ይቆማል። ከጤና ጣቢያ የሚጻፍ የእግር ቁስል ማስረጃ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ተረጂውን ወደ ቀጥታ ድጋፍ የሚያዛውር ሆኖ በቀበሌ ኮሚቴዎች ዘንድ ተቀባይነት ቢያገኝ፣ ቢያንስ በሴፍቲኔት ሥራ ላይ ቁስሉን የሚያሰፋው ሸክም ይቀራል። የራሱን ማሳ ማን ያርስለት ለሚለው ወንፈልና ደቦ አሉ፤ ጎረቤት ግን የሚወጣለት ያልደማውንና የማያመውን ቁስል ቁስል ብሎ ሲቀበል ነው።