ሐዲድ በራሱ አይታጠፍም

የትንንሽ ከተሞች ታሪክ ሲወራ የማትቀር አንዲት አባባል አለች፦ “ባቡሩ ሳያልፍባት ቀረ፤ ከተማዋም ጠፋች።” እኛ ይቺን አባባል አንቀበላትም። ለመሆኑ ባቡሩን ማን አሳለፈው? ማንስ አስቀረው? ይህ ሳይጠየቅ ታሪክ ጻፍን ማለት ቀልድ ነው።

ምሳሌያችን ኒው ፊላደልፊያ ናት። የነበረችው በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 መሬቷን ሸንሽኖ በሕግ ያስመዘገባት ፍራንክ ማክዎርተር በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው ነበር። ኬንታኪ ሳለ ለባሩድ መሥሪያ የሚውል ማዕድን እያመረተ ገንዘብ አጠራቀመ። በ1817 በመጀመሪያ የሚስቱን የሉሲን ነፃነት በ800 ዶላር ገዛ። ሉሲ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሕፃኑም ነፃ ሆኖ ተወለደ። የራሱን ነፃነት የገዛው ከዚያ በኋላ፣ በ1819 ነው።

ከተማዋን ከቆረቆረ በኋላም ቦታ እየሸጠ ልጆቹን ከባርነት አወጣ። በ1854 ሲሞት በተወው ኑዛዜ የወጡት ሲታከሉ፣ እሱን ጨምሮ 16 የቤተሰቡ ሰዎች ነፃ ሆነዋል። እንግዲህ የዚያች ከተማ ቦታ ሲሸጥ ምን እንደሚገዛበት አስቡት!

በ1865 ነዋሪዎቿ 160 ገደማ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በ1869 ግን አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከተማዋን ትቶ በስተሰሜን በኩል ዞሮ አለፈ። ነጋዴው ሄደ፣ ባለሙያው ሄደ። በ1885 የከተማዋ ትልቁ ክፍል ከከተማነት መዝገብ ተሰርዞ ወደ እርሻነት ተመለሰ።

“ባቡር ያለፋቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ከዘር ጋር ለምን ታያይዛላችሁ?” የሚሉን አይጠፉም። ሁሉንም አላያያዝንም። ስለዚችኛዋ ግን ክሪስቶፈር ፌኔል የተባሉት አርኪኦሎጂስት የሐዲዱን መስመርና የአካባቢውን መልክዓ ምድር መርምረው፣ መንስኤው የዘር መድልዎ ነው ብለው ተከራክረዋል። ሐዲድ በራሱ አይታጠፍም። ካርታ ላይ መስመሩን ያሰመረ እጅ አለ።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይባላል። እዚህ ግን ዝም ብሎ አልጠራም። ከ2002 ጀምሮ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ማሳውን ቆፍረው የቤት መሠረትና የዕቃ ስብርባሪ አወጡ። በ2022 መጨረሻ ስፍራው በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሥር የታሪክ ቦታ ሆነ። የማክዎርተር ዘሮችም ታሪኩን ሲያቆዩ ኖረዋል።

እኛ የምንለው አጭር ነው። መሥራቹን ማሞገስ ብቻ አይበቃም፤ ጀግና ማወደስ ማንንም አያስቆጣምና ቀላል ነው። ከተማዋ እንዴት እንደተመሠረተች የሚናገር ሁሉ፣ እንዴት እንደተገፋችም በዚያው ድምፅ ይናገር። “ጠፋች” ማለት ይቅር።