የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስሌት ለሕዝብ ይውጣ

ለከተማችን የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ



የወላጆች አቤቱታ በእጃችሁ ስላለ ከመነሻው አልተርክም። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት አዲስ ብሎክ ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎ ከጣለው በኋላ የሰጣችሁት መልስ ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም። ዲዛይኑ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ስለተረጋገጠ አደጋው ከአቅም በላይ ነው ብላችኋል።

ምኑ ተረጋገጠ? ሪፖርታችሁ ነፋሱን ያስነፈሰው ከፊት ለፊት ብቻ ነው። የዝቅተኛ ሕንፃ ጥግ ክፉኛ የሚሳበው ግን ነፋሱ በሰያፍ ሲመጣ ነው፤ ከጥጉ ተነስቶ በሁለቱም ጠርዝ የሚሽከረከር አዙሪት ክዳኑን ወደ ላይ ይስባል። ይህ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የሉቦክ የሙከራ ሕንፃ ላይ በእውነተኛ ነፋስ ተለክቷል። የተጠቀማችሁበት ኬ-ኤፕሲሎን የተባለው የነውጥ ማስሊያ ሞዴልም በፊተኛው ጠርዝ ላይ ነውጡን አጋንኖ የጣሪያውን መሳብ እንደሚያሳንስ ሙያው ካወቀው ቆይቷል። ውጤቱን ከአንድም ልኬት ጋር አላስተያያችሁትም።

የወደቀውን ክዳን ሄጄ አይቻለሁ። የጥጉ ሞራሌ አልተሰነጠቀም፤ ሚስማሮቹ ከነቆርቆሮው ተነቅለው ወጥተዋል። የሚስማሮቹ ርቀት መሃል ላይም ጥግ ላይም እኩል ነው። የአገራችን የነፋስ ጭነት ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1991-1-4፣ እንዲህ ላለ ጣሪያ ጥግ የሚሰጠው የመሳብ መጠን ከመሃሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው! በነፋሱ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ መስታወቱ ከተሰበረ ከርሟል፤ ተማሪዎቹ በካርቶን ሸፍነውት ነበር። በዚያ የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ሲገፋው ከላይ ያለው ይስበዋል። በሲሙሌሽኑ ውስጥ ግን ሕንፃው ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ስለ ቆርቆሮ ብቻ የምንነጋገረው አደጋው ቅዳሜ ማታ ስለደረሰ ነው።

ስለዚህ የሲሙሌሽኑ ፋይል ከነግብዓቱ ለሕዝብ ይቅረብ። ስሌቱ በሁሉም አቅጣጫ፣ መስኮትና በር ተከፍቶም፣ እንደገና ይሠራ። በዚሁ ፕላን የተሠሩ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በሙሉ ጣሪያቸው ይፈተሽ። ከልኬት ጋር ያልተነጻጸረ ሲሙሌሽን ለግንባታ ፈቃድ ማስረጃ መሆኑ ይቅር። ሪፖርቱን መርምሮ ያጸደቀው ባለሙያም በስሙና በፊርማው ይታወቅ። ይህ ሁሉ እስኪሆን በዚሁ ፕላን በተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ትምህርት እንዳይሰጥ በደብዳቤ እንድታዝዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመዋቅር መሐንዲስና የተማሪ ወላጅ